አረቄ ያልነካው ስቴሪዮ

ባሕር ዳር ውስጥ የሞተ ስቴሪዮ የሚያስነሣ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ አዘዘ ነኝ። ሁለተኛ አለ የሚል ካለ ስሙን ይጥራና አድራሻውን ይንገረኝ፤ ሄጄ እፈትነዋለሁ። አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ሰዎች አሉ ሲባል እሰማለሁ። ሲባል ነው እንግዲህ።

ስቴሪዮ ስል ዛሬ ልጆች በየባጃጁ የሚያንጠለጥሉትን፣ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ የሚያህለውን ጯሂ ማለቴ አይደለም። ሬዲዮውና አምፕሊፋየሩ በአንድ ሣጥን የተዋሐዱለት፣ ግንባሩ ብረት፣ ጎኑ እንጨት፣ ቁልፉን ስታዞረው እጅህ ላይ የሚከብድ፣ ሲበራ ከመስታወቱ ጀርባ አረንጓዴ ብርሃን እንደ ጎሕ የሚቀድለት፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት ሰው ተጨንቆ የሠራውን ዕቃ ማለቴ ነው። ክብደቱን ሁለት ጎረምሳ አይችለውም። እኔ በአንድ እጄ አነሣዋለሁ፤ ሌላው እጄ ካቻቢቴ ይዟል።

ቀን ቀን ፋብሪካ ውስጥ በጥገና ክፍል እሠራለሁ። ፋብሪካው የሚዞረው በእኔ ነው፤ እንዳይደነግጡ ብዬ ግን ለአለቆቼ አልነገርኋቸውም። ከሥራ መልስ ግሽ አባይ ካለው ቤቴ ጓሮ፣ ከሰርቪሷ ክፍል እገባለሁ። እዚያ ውስጥ አርባ ስቴሪዮ አለ። ባለቤቴ ፀሐይወርቅ ዘጠኝ ነው ትላለች፤ ኮሌጅ ሬጅስትራር ስለምትሠራ መቁጠር ልማድ ሆኖባት ነው። ከሁሉም በላይ፣ መስኮቱ ሥር ብቻዋን የምትቀመጥ አንዲት ሳንሱይ አለች። ንግሥቲቱ እላታለሁ። እሷን ለማስነሣት ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል። ፀሐይወርቅን ለማግባት ስድስት ወር ነው የፈጀብኝ። ይህን ፊት ለፊቷ ስናገር አትወድም።

"አንድ ቀን ልዋጭ ሲያልፍ ጠርቼ ሁሉንም በሳፋ እለውጣቸዋለሁ" ትለኛለች፤ ያን አሮጌ ብረት እየወሰደ በምትኩ ፕላስቲክ የሚሰጠውን ማለቷ ነው።

"እኔንም ጨምሪበት" እላታለሁ፤ "ክዳን ያለው ባልዲ ይመርቁልሻል።"

እንዲህ ስንኖር ነው ከጥምቀት በኋላ ባለው ሰንበት ቡርሀን የመጣው። ቡርሀንን ሐይቁ ዳር የማያውቀው የለም፤ በሞተር ጀልባ መንገደኛ ወደ ገዳማቱ ያመላልሳል። አባቱ አንዋር ጀልባ ሠሪ ነበሩ፤ ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል። ከሰርቪሷ በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጋሽ አዘዘ፣ የአባቴ ስቴሪዮ ሞቷል።"

"ማን ነው ሞቷል ያለው?"

"አይበራም።"

"አለመብራትና መሞት አንድ አይደለም። አንተም ጠዋት ጠዋት አትበራም፤ ግን ማንም ገንዞህ አያውቅም።"

ሳቀ፤ ቶሎ ደግሞ ሳቁን ሰበሰበ። "እንዲሠሩልኝ አይደለም የመጣሁት። መጥተው ለእናቴ 'ይህ ነገር አለቀለት' ብቻ እንዲሉልኝ ነው። እኔ ብላት አታምንም። ሰው ሁሉ 'አዘዘ ካላስነሣው አይነሣም' ስለሚል እርስዎን ታምናለች።"

እውነት ነው፤ ሰው ሁሉ ይላል። እንዲሉ ስነግራቸው ብዙ ዓመት ሆኖኛል።

"ለምንድን ነው አለቀለት የምላት?"

"ሐይቁ ዳር የሚከፈተው አዲሱ ሎጅ ለእንግዳ መቀበያው ጌጥ ፈልጎታል። ብሩክ የሚባል ልጅ ነው አስጊያጩ። ውስጡን አውጥተው ብሉቱዝ ይከቱበታል፤ ላዩ ግን እንዳለ ይቀመጣል።"

ውስጡን አውጥተው! ካቻቢቴዬ ከእጄ ወደቀ። ሰው የአባቱን ዕቃ ልብና ሳንባ አውጥቶ በገለባ ሞልቶ፣ እንደዚያ የሙዚየም አንበሳ ለቱሪስት ሊያቆመው!

"ለእናትህስ?"

"ለእሷ ፍላሽ የሚያጫውት ትንሽ ነገር ገዝቼላታለሁ።"

"ና እንሂድ" አልሁት፤ ጃኬቴን አነሣሁ። "ለእናትህ የምነግራቸው ነገር አለኝ።"

ደስ ብሎት ባጃጅ ጠራ። ምን እንደምነግራቸው ግን አልጠየቀም።

የእናቱ የእማ መዲና ቤት ደንገሉ ካለቀበት፣ ውሃው ከሚጀምርበት ነው። ግቢው ውስጥ አንዋር ጀምረው ያልጨረሱት ጀልባ እንደተገለበጠ ዓሣ አጥንቱን አግጥጦ ተኝቷል። እማ መዲና በረንዳው ላይ ካለው መደብ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው በእጅ የተሰፋ ጨርቅ የለበሰ ዕቃ አለ። ከፊታቸው አንድ ጸጉሩን ወደ ላይ የሰበሰበ ልጅ ሜትር ዘርግቶ የዕቃውን ወርድ ይለካል። ብሩክ መሆኑ ነው።

"ፋዘር፣ ነፍስ ነው እኮ!" አለኝ ሳያውቀኝ። "ቪንቴጅ! እኛ ላዩ ብቻ ነው የሚያስፈልገን።"

"ላዩ ብቻ የሚያስፈልገው ለከበሮ ሠሪ ነው" አልሁት። ጨርቁን ገለጥ አደረግሁ። ሳንሱይ! የንግሥቲቱ ታናሽ ወንድም! ግንባሩ ላይ አንድ ጭረት የለም። ሰው አርባ ዓመት ሙሉ በለስላሳ ጨርቅ ሲያብሰው እንደኖረ ያስታውቃል።

እማ መዲና ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ቀጭን ነው፤ ያያል። "አዘዘ የሚሉህ አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ እማ መዲና።"

"ሞቷል ልትለኝ ነው የላከህ?" አሉ፤ አገጫቸውን ወደ ልጃቸው ቀስረው።

ቡርሀን እግሩን አየ። እኔ ደረቴን ነፋሁ። ደረቴ እንደሆነ ሲነፋ ብዙ ቦታ ይይዛል።

"እማ መዲና፣ እኔ ሞቷል ለማለት አልተፈጠርሁም። ይህ ዕቃ በመጪው ዓርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ እዚሁ መደብ ላይ ሆኖ በግራም በቀኝም መንዙማ ካላሰማዎት፣ እኔ አዘዘ መሣሪያዬን ሁሉ ሐይቁ ውስጥ እበትናለሁ!"

"ጋሽ አዘዘ!" አለ ቡርሀን። እንዲህ አልተነጋገርንም ማለቱ ነው።

እማ መዲና ግን ከመደቡ ወደ ፊት ተሳቡ። "ይኸው ቡርሀን የገዛልኝን ስማው" አሉና ያችን ትንሽ ነገር ከትራሱ ሥር አውጥተው ነኳት። ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ንብ ጮኸች። መልሰው አጠፏት። "አንዋር መዶሻውን ይዞ እዚያ ሆኖ፣ እኔ እዚህ ሆኜ፣ ዓርብ ዓርብ መንዙማውን እንሰማ ነበር። ቤቱ ሁለት ወንድ ያለበት ይመስል ነበር። አሁን ዝም አለብኝ። ዓርብ ከተናገረ ከዚህ ቤት የሚያወጣው የለም። ካልተናገረ ይውሰዱት፤ ሬሳ አቅፌ አልቀመጥም። ቡርሀን፣ ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ፣ እማ።"

"አንተስ ልጅ?"

"ችግር የለም፣ ማዘር" አለ ብሩክ። "ዓርብ ፒክአፕ ይዤ እመጣለሁ።" ወደ እኔ ዞረ። "ግን ፋዘር፣ በምን ልታጸዳው ነው? የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃው አዲስ አበባ ራሱ ጠፍቷል።"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ ዝም ብዬ አላውቅም።

"ማጽጃ? ማጽጃ የሰነፍ ነው! እኔ ከዳንግላ የሚመጣ ዳግም አረቄ አለኝ። ሁለት ጊዜ የወጣ! አንዲት ጠብታ ቁልፉ ውስጥ ጣል ሳደርግበት የሃምሳ ዓመት ዝገት 'እግሬ አውጭኝ' ይላል። አርባ ስቴሪዮ ያስነሣሁት በእሱ ነው። ለዚህም ግማሽ ጠርሙስ አዘጋጅቼ..."

ከሐይቁ ላይ የአንድ ቀዛፊ ድምፅ ብቻ ይሰማል። እማ መዲና ጨርቁን ቀስ ብለው መልሰው ዕቃውን አለበሱትና እጃቸውን ከላዩ አሳረፉ።

"አረቄ?"

"አስታግፊሩላህ" አለ ቡርሀን በለሆሳስ። ከከንፈሩ ጥግ ግን አንዲት ፈገግታ ሾልካ ስትወጣ አየኋት። ያሸነፈ መስሎታል።

"ይህ ዕቃ ዱዓ ከሚደረግበት ክፍል ነው የሚቀመጠው" አሉ እማ መዲና። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። "አንዋር እጁን ሳይታጠብ ነክቶት አያውቅም። አንዲት ጠብታ አረቄ ከነካው ለእኔ ሞቷል። ቢናገርም ሞቷል።"

ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ጠይቆ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። እኔ ሌላ ሰው አይደለሁም።

"እንግዲያማ ያለ አረቄ!" አልሁ። "ያለ አረቄ መሥራት እንዲያውም የበለጠ ያመቸኛል።" እውነቱን ልንገራችሁ? እስከዚያ ቀን ያለ አረቄ የከፈትሁት አንድም ዕቃ የለም።

"በምን አምንሃለሁ?"

"በጊዮርጊስ እምላለሁ! አንዲት ጠብታ አይነካውም።"

እማ መዲና "በራስህ ሃይማኖት ከማልህ ይበቃኛል" አሉና እጃቸውን ከጨርቁ ላይ አነሡ። "ውሰደው። ቀስ ብለህ።"

በአንድ እጄ ላነሣው ነበር፤ ለክብራቸው ስል በሁለት እጄ አነሣሁት። ባጃጁ ድረስ ቡርሀን አገዘኝ፤ ከዚያ በላይ እንዲያግዘኝ አልፈቀድሁለትም።

ሰርቪሷ ውስጥ ገልብጬ ክዳኑን ከፈትሁ። ምን ያልነበረበት ነገር አለ! የደንገል ብናኝ፣ የዓሣ ቅርፊት፣ የአንዲት እንሽላሊት አፅም፣ ከሐይቁ እርጥበት የተነሣ እንደ ጥጥ ያበጠ አረንጓዴ ዝገት። ጣና ራሱ አንድ ቀን ገብቶበት አድሮ የወጣ ይመስላል። ከኋላው ደግሞ አንዲት ትንሽ መምረጫ አለች፤ መቶ ዐሥር ቮልት ላይ ቆማለች። የእኛ መብራት ሁለት መቶ ሃያ ነው። ዋናው ፊውዝ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ለቡርሀን ደወልሁለት።

"አባትህ ይህን ዕቃ ግድግዳ ላይ በቀጥታ ነበር የሚሰኩት?"

"አይ። ከሥሩ አንድ የሚከብድ ጥቁር የብረት ሣጥን ነበር። እሱ ላይ ነበር የሚሰካው።"

"ትራንስፎርመር ነው፤ ሁለት መቶ ሃያውን ወደ መቶ ዐሥር የሚያወርደው። የታለ ሣጥኑ?"

የጀልባው ሞተር ብቻ ይሰማኛል።

"ቡርሀን?"

"ከለቅሶው በኋላ ቤት ስናጸዳ ለልዋጭ ሰጠሁት። ብረት መስሎኝ።"

"በምን?"

"በሳፋ" አለ፤ ድምፁ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል። "ከዚያ ግድግዳ ላይ ሰካሁት፤ ጠፋ። እማ አታውቅም። ጋሽ አዘዘ፣ በአላህ ይሁንብዎት..."

አሁን ገባኝ። በዕድሜው የሞተ ነገር ማን ገደለው አይባልም፤ ተሸጦ ከሄደ ደግሞ ጨርሶ አይነሣም። ልጁ ስቴሪዮውን ሳይሆን ያን ሳፋ ነው ከቤት ማስወጣት የፈለገው። ለማንም አልናገርም አልሁት። አልተናገርሁምም፤ አሁን ለእናንተ ካልሆነ በቀር።

መምረጫዋን ወደ ሁለት መቶ ሃያ አዞርሁ፤ ፊውዙን ቀየርሁ፤ ያበጡትን ካፓሲተሮች ነቅዬ ከአርባዎቹ ውስጥ ከደካሞቹ የተገኙ ደኅና ደኅናዎቹን ተካሁ። ይህ ለእኔ ሽሮ እንደ ማማሰል ነው። ችግሩ ዝገቱ ነበር። የድምፁን ቁልፍ ባዞርሁት ቁጥር፣ መብራት ሳልሰጠው እንኳ፣ ውስጡ ይንኮሻኮሻል። አረቄው ከመደርደሪያው ላይ ቆሞ ያየኛል። እኔም አየዋለሁ። ሎሚ ሞከርሁ፤ ብረቱን ሊበላው ሆነ። ላምባ ሞከርሁ፤ ቅባት ጥሎበት ሄደ። ማክሰኞ እንዲህ አለፈች።

ረቡዕ ፀሐይወርቅ ከሥራ ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ያለ ፉጨት ስሠራ አይታኝ ስለማታውቅ ግራ ገብቷታል። ነገሩን ነገርኋት።

"ታዲያ የፋርማሲውን አልኮል ለምን አትጠቀምም? የመርፌውን። ያ እኮ መጠጥ አይደለም።"

"አንዲት ጠብታ አይነካውም ብያለሁ።"

"አረቄ ነው ያልህ።"

"እሳቸው አረቄ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ አውቃለሁ። በፊት ለፊት በር የከለከሉኝን በጓሮ አላስገባም።"

"ማን ያያል?"

"እኔ! እኔ አላይም? ከእኔ የበለጠ ትልቅ ሰው ማን አለ የሚያይ?"

ልትስቅ ነበር። አልሳቀችም። ወደ ቤት ገባችና የሥራ ቦርሳዋን ይዛ ተመለሰች፤ ከውስጡ አንድ ላጲስ አወጣች። "በዚህ ብትፈገፍገውስ? እኛ ቢሮ የካልኩሌተራችን ባትሪ የሚነካው ብረት ሲዝግ በዚህ ነው የምናጠፋው።"

ሐሳቡ የእኔ ነበር። እሷ ቀድማ ተናገረችው እንጂ አፌ ላይ ነበር።

በላጲስ! እያንዳንዷን ቁልፍ በየብልቷ ፈትቼ፣ ብረት ብረቱን በላጲስ፣ ላጲስ የማይነካውን ለስላሳውን ደግሞ ከነጠላዋ ጫፍ በመዘዝሁት ጥጥ፣ በደረቁ፣ ትንፋሼን ይዤ ጠረግሁ። ትንፋሽ እርጥበት አለበት። ጣቴ ተላጠ። ፀሐይወርቅ መብራት ይዛልኝ ቆመች፤ አንድ ሁለት ቁልፍም ራሷ ጠረገች። የእኔን ያህል አላበራችም፤ ግን ለጀማሪ መጥፎ አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት ገጣጥሜ ልሰካው ስል የሰፈራችን መብራት ጠፋ። ጠፍቶ ቀረ። ዓርብ ጠዋትም የለም። እንግዲህ ስቴሪዮውን አንዴም ሳልሞክረው ይዤው ልሄድ ነው። "ሌላ ቀን ጠይቃቸው" አለችኝ ፀሐይወርቅ። እኔ ሌላ ቀን የምጠይቅ ሰው ነኝ?

ዓርብ ከጁምዓ መልስ የእማ መዲና ግቢ ሞልቶ ነበር። ሺህ ሰው ይሆናል። ሺህ ባይሆን እንኳ መቀመጫ አልነበረም። ብሩክ ፒክአፑን አቁሞ ብርድ ልብስ አንጥፏል፤ ዕቃው እንዳይጫርበት አስቦ። ቡርሀን ከአባቱ ጀልባ አጠገብ ቆሟል። እማ መዲና ነጭ ለብሰው መደቡ ላይ ናቸው።

ሁለቱን ስፒከር በግራና በቀኝ አቆምሁ። የአንዋርን የካሴት ማጫወቻ አገናኘሁ። ጠንቃቃ ሠራተኛ እንዲህ ያለውን ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስነሣ በመካከል አንድ አምፖል ያስገባል፤ መብራቱ በአምፖሉ አልፎ እንዲገባ፣ ችግር ቢኖር አምፖሉ ፈክቶ እንዲያሳብቅ። አምፖሉ በቦርሳዬ ነበር። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አምፖል ማውጣት ፈሪ ያስመስላል። በቀጥታ ሰካሁት።

አረንጓዴው ብርሃን ቀደደ። ሰው "ኦ!" አለ። ከግራው ስፒከር ድቤው ደለቀ፣ መንዙማው ተነሣ፤ እማ መዲና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከቀኙ በኩል ግን "ጧ!" የምትል ነገር ሰማሁ፤ ከክዳኑ ቀዳዳ ቀጭን ጭስ ወጣች። ዘልዬ ነቀልሁት።

"በቃ፣ ፋዘር" አለ ብሩክ። "ግማሹ ነው የሠራው። ስቴሪዮ ደግሞ ሁለት ነው። 'በግራም በቀኝም' ያልኸው አንተ ነህ።"

እንዲህ ብያለሁ። አፌ አንዳንድ ጊዜ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል።

ክዳኑን አነሣሁ። የቀኙን ስፒከር የሚገፋው ትራንዚስተር ተቃጥሏል፤ ሃምሳ ዓመት ሠርቶ ደክሞት ነው እንጂ የማንም ጥፋት አይደለም። እንዲህ ያለ ትራንዚስተር በባሕር ዳር ገበያ የለም፤ በአገሩም መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሠሪው ኩባንያ ራሱ መሥራት ከተወው ቆይቷል። አንድ ቦታ ብቻ እንዳለ አውቃለሁ።

"ቤቴ ደርሼ ልመለስ፤ ከሰዓት በኋላ እስከሚሰገደው የዐስር ሶላት ስጡኝ" አልሁ።

"ስምምነቱ ከጁምዓ መልስ ነበር" አለ ብሩክ፤ ብርድ ልብሱን ያራግፋል።

እማ መዲና ልጃቸውን አዩ። ሁሉም ቡርሀንን አየ። እኔም አየሁት፤ ከዚያ እጆቼን ዘረጋሁ፤ በጥላሸት ጠቁረዋል።

"ቡርሀን፣ እስከዚያው ውሃ ብታመጣልኝ። ያችን ቆንጆ ሳፋችሁን።"

ፊቱ ደም መሰለ። ወደ እናቱ ዞረ፣ ወደ ሐይቁ ዞረ፣ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ እጁን ብሩክ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ። "እስከ ዐስር ይጠበቅ። የአባቴ ዕቃ ነው፤ እኔ ነኝ የምወስነው።" አፍታም ሳይቆይ "እኔ ራሴ አደርስዎታለሁ" ብሎ የጎረቤቱን ባጃጅ አስነሣ።

ግሽ አባይ ድረስ እንደ ሮኬት ሄድን። ፀሐይወርቅ ሥራ ላይ ናት። ሰርቪሷን ከፈትሁ፤ ንግሥቲቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ብርሃን ፊቷ ላይ ወድቋል። በድሮው ጊዜ የተሠሩት ደግ ናቸው፤ ትራንዚስተራቸው በሁለት ብሎን ታስሮ ተሰክቶ ነው የሚቀመጠው፤ በካቻቢቴ ይወጣል። ክዳኗን አነሣሁ። የመጀመሪያውን ብሎን ፈታሁ። ሁለተኛው ላይ እጄ ትንሽ ቆመ።

"ጋሽ አዘዘ" አለ ቡርሀን ከበሩ፣ "ይህችኛዋስ እንዴት ልትሆን ነው?"

"አርባ አለኝ" አልሁት።

ዓይኔ እርጥብ ነበር። አቧራ ገብቶበት ነው።

ስንመለስ ፀሐይዋ ከሐይቁ በላይ ወደ ምዕራብ አዘቅዝቃለች። የንግሥቲቱን ትራንዚስተር ከወንድሟ ሆድ ሰካሁ፣ ሁለቱን ብሎን አጠበቅሁ። ቡርሀን ክዳኑን ይዞልኛል። ከዚያ ቦርሳዬን ከፍቼ አምፖሉን አወጣሁ።

"ያ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ ብሩክ።

"ለጌጥ ነው" አልሁት። ለእማ መዲና ግን በጆሯቸው ነገርኋቸው፦ "አምፖሉ ፈክቶ ከቀረ፣ ውስጡ ተቃጥሏል። ፈክቶ ከደበዘዘ፣ ይተነፍሳል።"

እሳቸው ደግሞ ጮክ ብለው ለሰው ሁሉ ነገሩ።

ሰካሁት። አምፖሉ ቦግ አለ። ሺህ ሰው አንድ አምፖል ሲያይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፈካ፣ ፈካ፣ አሁንም ፈካ። ቡርሀን ክዳኑን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዟል። ብሩክ እንኳ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ አምፖሉ ቀስ ብሎ፣ ሊተኛ እንዳለ ሕፃን ዓይን፣ ደበዘዘ።

አምፖሉን አውጥቼ በቀጥታ ሰካሁት፤ ከውስጥ "ቀጭ" አለ። መንዙማው በግራም በቀኝም ገባ። ድቤው ከአንድ ወገን፣ ተቀባዮቹ ከሌላው፣ መሪው መካከል ላይ ሰው የሌለበት ቦታ ቆሞ። አንዲት ቁልፍ አልተንኮሻኮሸችም። ሴቶቹ እልል አሉ። እማ መዲና ከመደቡ ተነሡ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ቆሙ፤ ከጎን ወደ ጎን መወዛወዝ ጀመሩ።

ከዚያ ድንገት ዓይናቸውን ገለጡና እጃቸውን ሰደዱ። ቀጭ። ዕቃው ጠፋ።

"ሞተ!" አለ ብሩክ፤ ከመቀመጫው ተነሣ።

"አዛን ነው፣ ልጄ" አሉ እማ መዲና። ከመስጊዱ የዐስር አዛን ሲጀምር እኔ እንኳ በድቤው መካከል አልሰማሁትም ነበር። እሳቸው ሰምተዋል። ዓመት ሙሉ በዝምታ የኖረ ጆሮ ነው።

ሰው ሁሉ ለሶላት ተነሣ። እኔና ብሩክ ብቻ ከተገለበጠው ጀልባ ላይ ተቀምጠን ቀረን።

"እውነቱን ንገረኝ፣ ፋዘር" አለ። "ሲመለሱ ደግሞ ይነሣል?"

"ካልተነሣ አንተንም እኔንም በፒክአፕህ ጭነህ ሎጁ ውስጥ ለጌጥ አቁመን" አልሁት። እንዲህ ያለ ዕቃ ግን ጠፍቶ ሲነሣ ነው የሚፈተነው፤ ይህን ልነግረው አላስፈለገኝም።

እማ መዲና ሶላታቸውን ጨርሰው ወጡ። ቡርሀን ሊቀድማቸው ሲል በክንዳቸው ገፋ አደረጉትና ራሳቸው ነኩት። አረንጓዴው ብርሃን ቀደደ። ቀጭ። በግራም፣ በቀኝም።

ብሩክ ቆይቶ ወደ እሳቸው ጠጋ አለ። "ማዘር፣ ሎጁ በተባለው ላይ መጨመር ይችላል። ውስጡንም አንነካም፤ እንዳለ..."

"ይህ ልጅ ገና አለ እንዴ?" አሉ እማ መዲና ለቡርሀን። "ሻይ ስጠውና ሸኘው።"

"እሺ፣ እማ።" ቡርሀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እማ፣ ያን የብረት ሣጥን... እኔ ነኝ" አላቸው።

"አውቃለሁ" አሉ። "ሳፋው እኮ ከእኔ ነው ያለው። ሂድ ሻዩን ቅዳ።"

ቡርሀን ሄደ፤ ከበሩ ሳይደርስ ተመለሰ። "እማ፣ ድምፁን ትንሽ ቀንሺው እንጂ፤ ጎረቤቱ..."

እማ መዲና ዞረው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። እጃቸውን ሰደው የድምፁን ቁልፍ ያዙ፤ ያችን በላጲስ የጠረግኋትን፣ አረቄ ያልነካትን።

"ዓመት ሙሉ ዝም ብዬላቸው ኖሬያለሁ" አሉ። "አሁን ይስሙ።"

አዞሩት። ከደንገሉ ውስጥ ወፍ ተነሣ። መረብ የሚስቡት ዓሣ አጥማጆች ውሃው ላይ ቆመው ወደ እኛ ዞሩ። ጎርጎራ ድረስ ተሰምቷል። ሐይቁን ተሻግሮ፣ ጎርጎራ ድረስ! የማያምን ካለ ሄዶ ይጠይቅ።